ከጉድጓድ የወጣ ድምፅ

ባለፈው ዓመት አንድ ዓርብ ማታ የወጣቶች የጸሎት ፕሮግራም እየመራሁ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፤ ኪቦርዱ ከሥር ለስላሳ ድምፅ ይዟል፤ ወጣቶቹ ቆመው ይጸልያሉ፤ አንዳንዶቹም ያለቅሳሉ። ድንገት መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ተቆረጠ፤ ማይክራፎኑም ዝም አለ። ከዚያ የሆነውን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ጸሎቱም አብሮ ቆመ። ጌታ ራሱ በመብራት ኃይል መስመር ይመጣ የነበረ ይመስል ሁላችንም ጸጥ አልን። ጸጥታው ከግማሽ ደቂቃ የሚበልጥ አይመስለኝም፤ ለእኔ ግን ረጅም ነበር። አንዱ ጄኔሬተር ሊያስነሣ ሮጠ። እኔም ዝምታው ስላስፈራኝ በጨለማው ውስጥ ጮክ ብዬ መዝሙር ጀመርኩ። መብራቱ ሲመጣ ኪቦርዱም መጣ፤ ጸሎቱም ካቆመበት ቀጠለ።

ከፕሮግራሙ በኋላ ከቡድናችን ልጆች አንዱ በር ላይ ጠብቆ አቆመኝ። «ቲቸር፣ አንድ የምሰማው ሙዚቃ አለ። ግጥም የለው፣ ምት የለው፤ ለአንድ ሰዓት ያህል አንድ ድምፅ ብቻ የሚሄድ ነው የሚመስለው። እሱን እየሰማሁ ብጸልይ ኃጢአት ነው?» አለኝ። መሽቶብኝ ነበር፤ ታክሲም ሊያልቅብኝ ነው። «ሜዲቴሽን ምናምን ከሚሉት ነገር ተጠንቀቅ፤ መንፈስን ሁሉ መርምር» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ሄድኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ማታውኑ ሙዚቃውን በቴሌግራም ላከልኝ። «ሰምተው ይንገሩኝ» የሚል አጭር ጽሑፍም አብሮት ነበር።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሙዚቃ ነው። የዚያን ማታ የሰጠሁትን መልስ ማረሚያም ነው።

አልበሙ «ዲፕ ሊስኒንግ» ይባላል፤ እኛ «ጥልቅ ማዳመጥ» እንበለው። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር ታተመ። የተጫወቱት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ፖሊን ኦሊቬሮስ በአኮርዲዮን፣ ስቱዋርት ዴምፕስተር በትሮምቦንና የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች በሚነፉት ዲጀሪዱ በተባለ ረጅም የእንጨት መለከት፣ ፓናዮቲስ ደግሞ በድምፁ። ከእነዚህ ሌላ ፉጨት፣ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ የብረት ቁራጮች፣ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ ሳይቀር ይሰማል። አልበሙ አራት ክፍሎች አሉት፤ «ሊር»፣ «ሱይረን»፣ «አዮኒ» እና «ናይኪ»። ሁሉም አንድ ላይ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያልፋሉ።

ይህን ዓይነት ሙዚቃ ፈረንጆቹ «ድሮን» ይሉታል። ቃሉ በእኛ አገር ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው አልባውን አውሮፕላን ስለሆነ ብዙዎቻችንን ደስ አያሰኘንም። መጀመሪያ ግን የወንድ ንብ ስም ነበረ፤ እንደ ንብ ጥዝ የሚል ድምፅም በዚያው ስም ተጠራ። በሙዚቃ ቋንቋ ድሮን ማለት ሳይቋረጥ፣ ሳይቸኩል፣ ለረጅም ጊዜ ተይዞ የሚቆይ ድምፅ ነው። ዜማ ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል፤ ድሮን ግን እዚያው ይቀመጣል። እናንተ ወደ እሱ ትሄዳላችሁ እንጂ እሱ ወደ እናንተ አይመጣም።

አልበሙን ከሌሎቹ የሚለየው ግን የተቀዳበት ቦታ ነው። በዋሺንግተን ግዛት፣ ፖርት ታውንሴንድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ፎርት ወርደን የሚባል የድሮ የጦር ሰፈር አለ። በግቢው ውስጥ በ1907 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራ የኮንክሪት የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይገኛል። ሰባት ሚሊዮን ተኩል ሊትር ያህል ውኃ ይይዝ ነበር። ከዳር እስከ ዳር 57 ሜትር ገደማ የሚሰፋ ክብ ሲሆን ጣሪያውን 89 ዓምዶች ተሸክመውታል። ውኃው ከወጣ በኋላ ባዶውን ቀረ። ሦስቱ ሙዚቀኞች በኦክቶበር 1988 እ.ኤ.አ. መሣሪያዎቻቸውን ይዘው፣ በጠባብ ቀዳዳ በመሰላል ወርደው፣ በጨለማና በቅዝቃዜ ውስጥ ተጫወቱ። የአልበሙ ስም በከፊል ቀልድ ነው። ጥልቅ የተባለው ከመሬት በታች አራት ሜትር ያህል ወርደው ስላዳመጡም ጭምር ነው።

በዚያ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ድምፅ ብታወጡ እስኪጠፋ 45 ሰከንድ ይፈጃል። በአንድ ተራ አዳራሽ ውስጥ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ የሰዉ ልብስ ድምፁን ስለሚውጡት ብናጨበጭብ በሰከንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይሞታል። እዚያ ግን ኮንክሪት ብቻ ነው ያለው፤ መስኮት የለም፣ ጨርቅ የለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በ45 ሰከንድ ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። አንዱ ትንፋሽ ሳያልቅ ሁለተኛው ይደረብበታል፤ ሦስተኛው ይከተላል። ሦስት ሰዎች ብቻ ሆነው ሳለ የመላእክት ሠራዊት የሚመስሉት ስለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ማሽን አልጨመሩበትም፤ ያስተጋባው ቦታው ራሱ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ እንደ ልብ መጫወት አይቻልም። ፈጣን ዜማ ብትጫወቱ ኖታዎቹ ተደራርበው ይቦካሉ። የተሳሳታችሁትም ኖታ 45 ሰከንድ ሙሉ በፊታችሁ ቆሞ ይከሳችኋል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የምንለው ተረት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቃል በቃል እውነት ነው። ስለዚህ ሙዚቀኛው አንድ ድምፅ ያወጣል፤ ይቆማል፤ የወጣው ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ምን እንደሠራ ያዳምጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ሌላ ይጨምራል። ከሚጫወቱበት ጊዜ ይልቅ የሚያዳምጡበት ጊዜ ይበዛል። የአልበሙ ስም ለእኛ ለአድማጮቹ የተሰጠ ትእዛዝ ይመስላል፤ በመጀመሪያ ግን የተጫዋቾቹ ሥራ መግለጫ ነው።

አኮርዲዮኑም ተራ አኮርዲዮን አይደለም። የኪቦርድ ኖታዎች በሁሉም ቁልፍ እንዲያገለግሉ ሲባል ከተፈጥሯዊ ስፍራቸው በጥቂቱ የተዛነፉ ናቸው። በፈጣን መዝሙር አይታወቅም፤ ድምፁ ረዘም ብሎ ሲያዝ ግን ትንሽ መንቀጥቀጥ ይሰማል። ኦሊቬሮስ መሣሪያዋን በንጹሕ ልኬት፣ ማለትም ሁለት ለሦስት፣ ሦስት ለአራት በመሳሰለ ቀላል ሬሾ፣ እንደ አዲስ አስቃኘችው። በዚህ ምክንያት ሁለት ኖታዎች አብረው ሲያዙ አንዱ በሌላው ውስጥ ይሟሟል። አኮርዲዮን ለእኛ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም፤ ወላጆቻችን በወጣትነታቸው የዘመሩባቸውን ኳየሮች ስንቱን አጅቧል። ይህ ግን ያ የምናውቀው አኮርዲዮን መሆኑን ለማመን እኔ ሁለት ጊዜ መስማት አስፈልጎኛል።

ስለ አሰማሜ እውነቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ደቂቃ አልቆየሁም። «አሁን ይጀምራል» እያልኩ ስጠብቅ አልጀመረም፤ እጄ ወደ ስልኬ ሄደ። ሁለተኛው ቀን አልጋ ላይ ተጋድሜ ከፈትኩት፤ ማለቁን ያወቅሁት ጠዋት ነው። በሦስተኛው ቀን መብራቱን አጥፍቼ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ፣ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ሊር» የሚባለው የመጀመሪያው ክፍል 25 ደቂቃ ያህል ነው። መጀመሪያ ላይ ጆሮዬ ውስጥ የገባው ሙዚቃው ሳይሆን የራሴ ጫጫታ ነው። ያልከፈልኩት የቤት ኪራይ፣ ያልመለስኩት ስልክ፣ እሑድ የማስተምረው ትምህርት። ቀጥሎ የቤቱ ድምፅ መጣ፤ የፍሪጁ እምምታ፣ የጎረቤት ውሻ፣ ከሩቅ የአስፋልቱ ላይ መኪና። ከዚያ፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ቀስ በቀስ እነዚህ ሁሉ ቦታ ለቀቁ። አንድ ድምፅ የመሰለኝ ነገር አንድ እንዳልሆነ ሰማሁ። ከታች ትሮምቦኑ እንደ ወፍራም ገመድ ተዘርግቷል፤ በላዩ አኮርዲዮኑ ይተነፍሳል፤ በመሃል የሰው ድምፅ አለ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደነበር ግን አላስተዋልኩም። አዲስ ድምፅ ሲገባ መግባቱን አትሰሙም፤ ከገባ በኋላ ነው መኖሩን የምታውቁት። ጎሕ ሲቀድ እንደማለት ነው፤ የቱ ሰከንድ ላይ ጨለማው እንዳበቃ ማንም መናገር አይችልም።

ሲያልቅ ያለቀሰ ሰው አልነበርኩም፤ ራእይም አላየሁም። ግን የክፍሌ ጸጥታ ተለውጦ አገኘሁት። ያው ፍሪጅ፣ ያው ውሻ ነው፤ አሁን ግን እሰማቸው ነበር።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። እየሰሙት መጸለይ ኃጢአት ነው?

መጀመሪያ የማይደበቀውን እንናገር። ኦሊቬሮስ ይህን ሥራ የሠራችው እንደ ክርስቲያን አምልኮ አይደለም። በ1932 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ፣ ሂውስተን ተወለደች፤ በ2016 እ.ኤ.አ. አረፈች። በ21ኛ ዓመት ልደቷ እናቷ ቴፕ መቅጃ ሰጠቻት። ማይክራፎኑን መስኮት ላይ አድርጋ ከቀዳች በኋላ መልሳ ስታዳምጠው እሷ እዚያው ቆማ ያልሰማቻቸውን ድምፆች ቴፑ ይዟቸው አገኘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉን ነገር ሁልጊዜ ማዳመጥን የራሷ ልምምድ አደረገችው። በኋለኛው ዘመኗ ከቡድሂዝምና ከቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ ልምምዶች ብዙ ወስዳለች። ይህን ሳያውቁ መስማት የዋህነት ነው። ይህን ሰምቶ ብቻ መሸሽ ግን ሌላ ነገር ነው። ጆሮን የፈጠረው ማነው? ድምፅ በኮንክሪት ላይ ነጥሮ እንዲመለስ ያደረገውን ሕግ የሠራውስ? ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሁሉን ፈትነው መልካሙን እንዲይዙ ሲጽፍላቸው ሁሉን ሳይፈትኑ እንዲጥሉ አልነገራቸውም። የዚያን ማታ እኔ ያደረግሁት ግን ይህንኑ ነው፤ ሳልሰማ ፈረድኩ።

ሁለተኛ፣ «ሜዲቴሽን» የሚለውን ቃል ስንሰማ የምንደነግጠው የራሳችንን መጽሐፍ በደንብ ስላላዳመጥነው ይመስለኛል። በመዝሙር 1 ላይ ብፁዕ የተባለው ሰው የእግዚአብሔርን ሕግ ቀንና ሌሊት ያሰላስላል። በዕብራይስጡ ቃሉ «ሃጋ» ነው። ይኸው ቃል በኢሳይያስ 31 ላይ አንበሳ የያዘውን አድኖ ይዞ በዝቅታ ለሚያሰማው ማጉረምረም፣ በኢሳይያስ 38 ላይ ደግሞ ለርግብ ማልጎምጎም ገብቷል። እንግዲህ የመጽሐፍ ቅዱሱ ማሰላሰል አእምሮን ባዶ ማድረግ አይደለም፤ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ፣ ጉሮሮ እያንጎራጎረ፣ ቃሉን በዝቅተኛ ድምፅ ማመላለስ ነው። ማለዳ ተነሥተው ጥግ ይዘው፣ መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚያጉተመትሙ እናቶች በየቤተ ክርስቲያኑ አሉ። ሲያልፉ ሰምታችኋቸው ከሆነ የሰማችሁት ድምፅ እሱ ነው።

በአገራችንም ይህ ድምፅ አዲስ አይደለም። በዐቢይ ጾም የሚደረደረውን በገና አስቡ። አሥር አውታር አለው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገቡት እንዚራ የተባሉ ትንንሽ ቁርጥራጭ ቆዳዎች ድምፁን ወፍራምና ጥዝ የሚል ያደርጉታል። ደርዳሪው ብቻውን ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። የሚሰማውም ሰው አያጨበጭብም፤ ይተክዛል። እኛ ወንጌላውያን ከዚያ ቤት ጋር በብዙ ነገር እንለያይ ይሆናል። ግን ዝምታንና ትካዜን ጭምር ከዚያው ትተነው ወጥተን ከሆነ ከልዩነታችን በላይ ጥለን ወጥተናል።

ታዲያ አልበሙ ምንም እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ሁለት ነገር እነቅፍበታለሁ።

አንደኛው፣ ማዳመጥን ያስተምራል፤ ማንን እንደምናዳምጥ ግን አይናገርም። ሳሙኤል በሌሊት ድምፅ ሲሰማ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጧል። ጆሮው ንቁ ነበር፤ የጠራውን ግን አላወቀም። አንድ ሽማግሌ ማን እንደሚጠራው ሊነግረው አስፈለገ። ይህ ሙዚቃ ጆሮን ሊያነቃ ይችላል፤ የዔሊን ሥራ ግን ሊሠራ አይችልም። እሱ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። ከሙዚቃው ይህን የሚጠብቅ ሰው ጉድጓዱን ከምንጩ ጋር ያምታታል። ኤርምያስ በሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሕዝቡን የወቀሰው በዚህ ነው፤ የሕያው ውኃ ምንጭ የሆነውን ትተው ውኃ የማይይዙ ጉድጓዶችን ለራሳቸው ቆፈሩ።

ሁለተኛው ከዚህ ይረቃል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የገባበትን ሁሉ ያሳምራል። የአትክልት ጎማ ሲነፋበት የመቅደስ መለከት ይመስላል፤ ብረት ሲወድቅ ደወል ይሆናል። በአንዳንድ ቦታ ላይ፣ በተለይ ድምፁ እጅግ ሲጥም፣ «ይህ ሰው አንድ ነገር ስላለው ነው ወይስ ግድግዳው ስለረዳው ነው እንዲህ ያማረው?» ብዬ ጠይቄአለሁ። ለሦስቱ ሙዚቀኞች መልሱ በጎ ነው፤ ግድግዳውን አልተደገፉበትም፤ አዳመጡት፣ እየጠበቁም መለሱለት። በአልበሙ ውስጥ ሻካራ የብረት ድምፆችን ማስገባታቸውም በውበቱ እንዳንሰክር ረድቶናል። ጥያቄው ግን ወደ ራሳችን አዳራሽ ተከትሎኝ መጣ።

እኛም ድሮን አለን። ከጸሎታችን ሥር የሚተኛው፣ ሙዚቀኞቻችን «ፓድ» የሚሉት የኪቦርድ ድምፅ ሌላ ምንድን ነው? ሰባኪው ሊደመድም ሲል ለኪቦርዲስቱ በዓይኑ ጠቅሶ ያስጀምረዋል። ማይክራፎኑ ላይ «ኤኮ ጨምሩልኝ» እንላለን፤ በኤሌክትሪክ የተሠራ ጉድጓድ ማለት ነው። በራሱ ክፋት የለበትም። ኤልሳዕ ትንቢት ከመናገሩ በፊት በገና ደርዳሪ እንዲያመጡለት አዝዟል፤ ዳዊትም ለሳኦል ደርድሯል። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ድምፁ እንድናዳምጥ እየረዳን ነው ወይስ ያልያዝነውን ያለን አስመስሎ እያሳመረን ነው? ቀጭን ስብከት በኤኮ ውስጥ ወፍራም ይመስላል። ያልተዘጋጀ ጸሎት በፓድ ላይ ቅባት ያለው ይመስላል። እኔ ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም፤ ለኪቦርዲስቱ በዓይኑ ከሚጠቅሱት አንዱ ነኝ። መብራት የጠፋ ዕለት የታየው እሱ ነው። ግድግዳው ሲወድቅ ድምፃችን ምን ያህል እንደሆነ ታወቀ።

ኤልያስን አስታውሱ። ነፋሱ፣ የምድር መናወጡ፣ እሳቱ አለፉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ዝግ ያለ፣ ዝምታ የሚመስል ድምፅ ነው። ነቢዩ ፊቱን የሸፈነው ለእሱ ነው። በራእይ 8 ደግሞ በሰማይ እንኳ የእኩል ሰዓት ያህል ዝምታ ሆነ ይላል፤ «ሊር» ከዚያ አምስት ደቂቃ ያንሳል። በምድር ግማሽ ደቂቃ የከበደን እዚያ ስንደርስ ምን ልንሆን ነው?

አልበሙን በሰማሁ በማግሥቱ ለልጁ ደወልኩለት። ከታክሲ ተራው ጀርባ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ቀጥሎ የምጽፈውን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጽፍም። እኔ መጀመሪያ ስለ ቡድሂዝምና ስለ ሃጋ ላስረዳው ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ጉድጓዱ ትንሽ አስተምሮኝ ነበርና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቄ ዝም አልኩ፤ «ስትሰማው ምን ይሆናል?»

ለረጅም ጊዜ አልመለሰም። ልጨምርለት አሰብኩ፤ ተውኩት። ከዚያ «ምንም አይጠይቀኝም» አለኝ። እናቱ ካረፈች ዘጠኝ ወር ሆኗታል፤ እኔም በቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ጥቅስም አንብቤአለሁ። ከዚያ ወዲህ፣ አለኝ፣ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሲጮህ እሱ ድምፅ አይወጣውም። «በርታ፣ ጌታ ያውቃል፣ እናትህ የተሻለ ቦታ ናት» የሚሉት ሁሉ እውነት እንደሆነ ያውቃል፤ ግን አንዱ ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል፤ መልስ የሚሰጥበት ክፍተት የለም። ያን ሙዚቃ ከፍቶ ሲቀመጥ ግን ማንም አያቋርጠውም። ከእናቱ ቀብር በኋላ ያለቀሰው እሱን እየሰማ ነው። ካለቀሰ በኋላም ጸለየ፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር። እኔን በር ላይ ያቆመኝ ያቺ ጸሎት ትቆጠር እንደሆነ ሊጠይቀኝ ነበር።

ስለ ሙዚቃ የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት ደቂቃ ሰጥቼው ሄድኩ።

«ትቆጠራለች» አልኩት። ከዚያ በላይ አልጨመርኩም። ልጁ አሁን በሁሉ ነገር በርትቷል ብዬ ልደመድም አልችልም፤ እንደዚያ ብዬ ብጽፍ ራሱ ያነበዋል፤ ይታዘበኛልም። ዓርብ ይመጣል፤ አንዳንድ ዓርብ ይቀራል። ግን ፕሮግራማችን አሁን የሚጀምረው በአሥር ደቂቃ ዝምታ ነው፤ ያለ ኪቦርድ፣ ያለ ማይክ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳል፣ ሳቅና የወንበር ሲጢጥታ ነበሩ። አሁን ቀንሷል። እሱ በመጣባቸው ቀኖች በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

እናንተም በየቡድናችሁ ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ምክሬ ይህ ነው። አልበሙን ለጸሎት ማጀቢያ አታድርጉት፤ ሌላ ፓድ ብቻ ይሆንባችኋል። ለብቻው ስሙት። ስልካችሁን አርቁ፤ ተቀመጡ እንጂ አትጋደሙ። «ሊር» ሲያልቅ አጥፉትና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ለጌታ ስጡት። አንድ አጭር የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል በዝቅተኛ ድምፅ አመላልሱ። ካልወደዳችሁት ደግሞ ምንም አይደለም፤ የድሮን ሙዚቃ መስማት የድነት ጉዳይ አይደለም። ያዕቆብ ለመስማት የፈጠነ፣ ለመናገር የዘገየ እንድንሆን የጻፈልን ግን ለሙዚቃ ወዳጆች ብቻ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ሌላ ጉድጓድ ላንሣ። በኤርምያስ 38 ላይ ነቢዩን ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ ብቻ ባለበት ጉድጓድ ጣሉት። ከተማው በሙሉ በጦርነቱ ጫጫታ ተይዞ ነበር። በዚያ ሁሉ መሃል ኤርምያስ ጉድጓድ ውስጥ መጣሉን የሰማ አንድ ሰው እንደነበረ ተጽፏል፤ ከንጉሡ ቤት ጃንደረቦች አንዱ፣ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ። ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ፈቃድ አገኘ፤ ሠላሳ ሰውም ተሰጠው። ገመድ ከማውረዱ በፊት ግን አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ፈልጎ አመጣ፤ ነቢዩ በብብቱ ሥር እንዲያደርገው፣ ገመዱ እንዳይከረክረው።

ጨርቁን ለማሰብ ሰው በደንብ መስማት አለበት። ገመድ ብቻ ይዘን የምንሮጥ ብዙዎች ነን፤ እኔም የዚያን ዓርብ ማታ ይዤ የነበረው ገመድ ብቻ ነው። ጌታ ጆሮአችንን ይክፈትልን፤ ከጉድጓድ የሚወጣውንም ድምፅ እስኪያልቅ የምንሰማበትን ትዕግሥት ይስጠን።